ጎን ያለው ብርድ ልብስ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው ቤታችን ሁለት ብርድ ልብስ ነበረን፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእንግዳ። የእኛው ግራጫ ነው፤ መሀሉ ከመሳሳቱ የተነሳ ወደ መስኮቱ ዘርግተው ቢያዩበት የጎረቤት አጥር ይታያል። የእንግዳው ግን ነብር አለበት፤ አፉን የከፈተ፣ ጢሙ ሳይቀር በደንብ የወጣ ትልቅ ነብር። ልጆቻችን ገዝተው ያመጡት ለእኛው ነበር። ባለቤቴ ግን ገና ከላስቲኩ ሳይወጣ "ይሄማ ለእንግዳ ነው" ብላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ነብሩ በብል መድኃኒት ታጥኖ በሰላም ይኖራል። እኔ ደግሞ የነቀምቴ ክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድብ በግራጫው ሥር እንደ ድመት ተጠቅልዬ ሳጥኑን አያለሁ። በአንድ ቤት ነብርና ድመት፤ ነብሩ ይሞቀዋል፣ ድመቱ ይበርደዋል።

እንግዳው ማን ነው ካላችሁ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን ሲሰፍሩ እሷ ገና ልጅ ነበረች። እሱ ቆላውን ለመደ፤ በቆሎና ሰሊጡን ያርሳል። እሷ ወባውን ሸሽታ ወደ ነቀምቴ ወጣችና እኔ እጅ ወደቀች። የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልወሰነችም። ወንድሟ ድሮ በየዓመቱ ይመጣ ነበር። መንገዱ እንደ ልብ የማያስኬድ ከሆነ ወዲህ ግን ዓመታት አለፉ፤ በስልክ ብቻ "ደህና ናችሁ? ደህና ነን" ሆነ። ስለዚህ ነብሩ የሚጠብቀው ማንን እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቄም ብርድ ይሰማኝ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ነበርኩ የምለው ዓይኔ ስለደከመ እንጂ እጄ ጡረታ መውጣቱን እስካሁን አላመነም። የዚህን ከተማ ግማሽ መቀመጫ በሱሪ የሸፈንኩ ሰው ነኝ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ፊቴን አይቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ሰው የማውቀው ከኋላው ስለሆነ እስኪያልፍ ጠብቄ ነው "እህ፣ እሱ ነው ለካ" የምለው።

ሱቄን ስዘጋ ከሙያው የተረፈኝ አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር። አልጋ ሥር ከተትኩትና ረሳሁት። ባለቤቴ ጉልበቷ ታሞ ቤት በዋለች ጊዜ ያንን ጆንያ ጎትታ አወጣችው። ከወፍራም ወረቀት አንድ ሦስት ማዕዘን ቆርጣ በእሱ እየለካች ጨርቁን መቁረጥ ጀመረች። ጠቆር ያለውንና ፈካ ያለውን በረጅም ጎናቸው ታጋጥምና አንድ አራት ማዕዘን ይወጣል። ከዚያ አራት ማዕዘኖቹን እያዟዟረች ትገጣጥማቸዋለች። ሰማያዊው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ካኪው የጥበቃ ልብስ፤ መስመር ያለው የአንድ ሹም ኮት ትራፊ፤ አበባማው በትንሣኤ ዋዜማ እያጣደፉ ያሰፉኝ የሴቶች ቀሚስ።

በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቧ ቆሜ "ድሪቶ ልታለብሺኝ ነው?" አልኳት።

የዚያን ቀን ምሳ ጨው አልነበረውም። በማግስቱም አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን "ባዬ ባሬዳ ነው፣ በጣም ያምራል" አልኩ፤ በሁለት ቋንቋ፣ ለጥንቃቄ። ጨውም ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር ግን አምሮ ነበር። ሲያልቅ በረንዳው ላይ ዘረጋችውና ከሩቅ ሆነን አየነው። ጠቆር ያለውና ፈካ ያለው እየተከታተለ፣ ሁሉም ባለበት የሚሽከረከር ይመስላል። አንዲት ጫፍ እንኳ ከጫፏ አልሳተችም። እኔ ሱሪ ስሰፋ የኖርኩት ሰውዬ ጎንበስ ብዬ ስህተት ፈለግሁ፤ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላገኘሁም።

"እንግዲህ የኔ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ" አለች። "ጥጡንና ገበሩን ይዘህ ከላይ የሚሄደውን ስፌት አንተ ትሰፋዋለህ። መስመሩንም አንተ ምረጥ።"

"እንዴት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?"

"ልብስ ሰፊው ማነው?"

ይህን ላልሠራው ሰው ላስረዳ። ከላይ እሷ የገጣጠመችው ጨርቅ አለ፤ መሀል የተነደፈ ጥጥ ይገባል፤ ከሥር አቡጀዲ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ከላይ እስከ ታች የሚወጣና የሚገባ ስፌት ነው። ጥጥ እንደ ፍየል ነው፤ አጥር ካልሠሩለት ተሰብስቦ አንድ ጥግ ይሄዳል፤ ሌላው ቦታ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ መስመር ያስፈልገዋል። ግን መስመሩ ሥዕልም ነው። ሦስት ማዕዘኑን ካላከበረ ያ ሁሉ የእሷ ልፋት ይደበዝዛል። ይህ አንዱ ጭንቀቴ ነበር።

ሌላው ጭንቀቴ ለማንም የማይነገር ነበር። በዚህ ብርድ ልብስ ሥር መተኛት ፈልጌያለሁ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ በራሴ ቤት፣ ከእንግዳ በፊት። ባለቤቴን ደግሞ አውቃታለሁ፤ ባበላሸው አዝናለሁ፣ ባሳምረው ሳጥን ይገባል። እንግዲህ እንዳያሳፍርም እንዳያኮራም አድርጎ የሚሰፋ ማን ነው?

ጨርቁ በረንዳ ላይ እንደተዘረጋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። ጎረቤታችን የሆኑት ጡረተኛ መምህር በሽመላቸው እየጠቆሙ "ቀጥ ያለ መስመር፤ እንደ ደብተር" አሉኝ። "አራት ማዕዘኑን በአራት ማዕዘን ነው የሚያከብሩት።"

"ደብተር ውስጥ ተኝተው ያውቃሉ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ተማሪዎቼ ተኝተዋል" አሉ።

ከጉቴ ቅቤ የምታመጣልን ሴት ደግሞ የቅቤ ቅሏን አውርዳ ጨርቁን ዞረችው። "ኦቦ፣ ይሄ ሹል ሹል ሆነ፤ ዓይን ይወጋል። ክብ ነገር ጣሉበት። ክብ ሲገባ ይለዝባል፣ ጥሩ ይሆናል።"

እኔም ለክብሩ ልቤ ሄደ። ምክንያቱ ጥበብ አይደለም፤ ጉራ ነው። ዕድሜ ልኬን ቀጥ ያለ ስፌት የሰፋሁ ሰው አንድ ቀን ክብ መስፋት እንደምችል ላሳይ አልኩ። ሳህን አመጣሁ፤ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አሰመርኩ፤ ሳህኑን ግማሽ ድረስ አንሸራትቼ ሌላ ክብ፣ ከዚያ ሌላ። ክብ በክብ ላይ ሲያርፍ መሀሉ የቅጠል ቅርጽ ያወጣል። አንዱን ጥግ በእጄ ሰፍቼ ጨረስኩ። መነጽሬን አውልቄ ሳየው፣ ሦስት ማዕዘኑ ከሥር ይሽከረከራል፣ ቅጠሉ ከላይ ይፈካል። በራሴ ተገረምኩ። ይህ መጥፎ ምልክት መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

ባለቤቴ መጥታ አየችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"አንተ ሰውዬ! ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን እጅ የት ደብቀኸው ነው?"

"ሱሪ ውስጥ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

በጣቷ ቅጠሉን ተከትላ ሄደች። ደስ ብሏት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቀጥሎ ያለውን እስክትናገር ድረስ።

"ይሄማ ለእንግዳ ነው።"

ሄደች። ወዲያው ከውስጥ የሳጥኑ ክዳን ሲጢጥ ሲል ተሰማኝ፤ ቦታ ልታዘጋጅለት ነው። እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የገዛ መቃብሩን አሳምሮ የቆፈረ ሰው ሰምታችሁ ከሆነ፣ እኔ ነኝ፤ ያውም በሳህን ለክቼ።

እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ወገቤን አመመኝ። ወገቤ ብልህ ነው፤ መታመም ያለበትን ቀን ያውቃል። ገና ከበሩ ሳትርቅ ምላጭ አወጣሁና ክቦቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። የራስን ጥሩ ሥራ መፍታት ቀላል አይደለም፤ በየክሩ "ይቅር በለኝ" እያልኩ ነበር። ስትመለስ ጥጉ እርቃኑን ተቀምጧል።

"ምን ነካው?"

"ክሩ ጥሩ አልነበረም።"

ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሳችው። መርፌው የወጣባቸው ቀዳዳዎች በክብ በክብ ተደርድረው ያበራሉ። ቀጥላ ፊቴን አየች። ከእኔ ጋር ረጅም ዘመን ኖራለች፤ እኔ ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ታውቃለች፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

"ክሩስ ደህና ነው" አለች። "አንተ ግን ለማን እንደምትሰፋ ገና አልወሰንክም።"

"ለማን ነው የምሰፋው?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ሰው ሱቅህ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር?"

ምን አደርግ ነበር? ሜትሬን ከአንገቴ አወርድና ሰውየውን እለካ ነበር። ማንም ሰው ሳይለካ አንድ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። እዚህ ግን ጨርቁን ለካሁ፣ ሳህኑን ለካሁ፣ የሚተኛበትን ሰው አልለካሁም። ሱሪ በሳህን እንደመስፋት ነው።

"እሺ፣ ተኚ" አልኳት።

"ምን?"

"አልጋው ላይ ተኚ። ልለካሽ ነው።"

ሳቀች፤ ቢሆንም ጫማዋን አውልቃ በምትተኛበት ጎን በጀርባዋ ተጋደመች። እንዳትንቀሳቀስ ነገርኳት። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሜትሩን ከትከሻዋ ወደ ጉልበቷ ዘረጋሁ፤ ብርዱ የሚገባባት እዚያ ነው። ከጉልበቷ ወደ እግሯ ጫፍ ልለካ ጎንበስ እንዳልኩ በሩ ተከፈተና የቅቤዋ ሴት ገባች።

"አካም ኦልታኒ..." ብላ ሰላምታ ጀምራ ቆመች። አልጋው ላይ ቀጥ ብላ የተጋደመች አሮጊት፣ ሜትር ይዞ ቁመቷን የሚለካ ሽማግሌ። ቅሏ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"ያ ዋቃዮ! ኦቦ፣ አዴ መቼ አረፉ?"

ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ "አላረፍኩም" አለች። "ይሄ ሰውዬ መች ያሳርፈኛል!"

ሴትዮዋ ጮኻ ወጣች፤ ወዲያው ደግሞ እየሳቀች ተመለሰች፤ ከዚያ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን እስኪደክመን ሳቅን። በማግስቱ መምህሩ አጥር ላይ ቆመው "ሳጥኑን ከየትኛው እንጨት ልታሠራ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። በነቀምቴ ወሬ ከቅቤ ይፈጥናል።

ግን ልኬቱ መንገዱን ከፈተልኝ። እሷ አትንቀሳቀስም፤ እንዳስቀመጧት ታነጋለች። የሚበርዳት ጉልበቷ ነው። እኔ ደግሞ እሷ እንደምትለው፣ ተኝቼ ለቤት ጭቃ እንደሚረግጥ ሰው እራገጣለሁ። ስፌት በራቀ ቁጥር ጥጡ ይነፋል፣ ይሞቃል፤ በተቀራረበ ቁጥር ጠፍጠፍ ይላል፣ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። እንግዲህ ለሁለት ዓይነት ሰው አንድ ዓይነት መስመር ለምን ይኖራል?

አልጋው ላይ በምንተኛበት ልክ ብርድ ልብሱን ለሁለት ከፈልኩት። መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ ስፌት፤ የእርሻ ድንበር በሉት። በእሷ ወገን ስፌቱ ሦስት ማዕዘኖቹን በመጋጠሚያቸው ብቻ ተከትሎ ይሄዳል፤ አይታይም፤ ጥጡ በየመሀሉ እንደ ዳቦ ይነፋል፤ የእሷም ሥራ ሳይነካ ይታያል። በእኔ ወገን ደግሞ ጠበብ ጠበብ ያለ ትልም አወጣሁ፤ እየታጠፈ የሚወርድ፣ የሚራገጥ ሰው ጥጡን እንዳያባርረው። ትልሙ የማይታጠፈው የድሮው ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ የክቦቹን ቀዳዳ ለመሸፈን ትንሽ ደጋን ሠራሁለት።

ግማሽ ላይ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። ወንድሟ ነበር። መንገዱ ሰላም ሆኗል፣ መኪና እየሄደ ነው፣ ሊመጣ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ እያለቀሰች መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን ትልሙን እያየች "ይድረስለት" አለች።

"ምኑ?"

"ይሄ ነዋ። ከዚያ ሙቀት ወጥቶ እዚህ ሲመጣ ይበርደዋል። አዲሱን እናልብሰዋለን።"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ለወንድሟ ሲሆን ማን እምቢ ይላል? እኔስ እወደው የለም? ትልሜን ቀጠልኩ፤ ይልቁንም አሳመርኩት፤ ለእንግዳ ከሆነ ለእንግዳ ይሁን ብዬ። ያን ቀን በራሴ ላይ ብዙ ቀለድኩ፤ ቀልዱ ግን እንደዚያ ምሳ ጨው አልነበረውም።

ወንድሟ የመጣው ዝናብ ውስጥ ነው። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ፣ አፍንጫው ብቻ ይታያል። እህቱን አቅፎ ብዙ ቆመ። ከዚያ እኔን አይቶ "አማቼ፣ ሸምግለሃል" አለኝ።

"አንተ ደግሞ አልተገኘህም፤ ጋቢው ውስጥ ነህ?"

ከእራት በኋላ የእንግዳው ጠባብ አልጋ ተነጠፈለት። ባለቤቴ አዲሱን ብርድ ልብስ በሁለት እጇ ተሸክማ መጥታ ዘረጋችው። ወንድሟ ኩራዝ እንደሚያይ ሕፃን አፉን ከፍቶ አየው። እሷ ጫፉን ልታስተካክል ሄደችና ቆመች። የነፋው ወገን ወደ ግድግዳው ነው። አዞረችው፤ አሁን የነፋው ወደ ውጭ ሆነ፣ ጠፍጣፋው ወደ ግድግዳው። ራሷን ነቀነቀች። እንደገና አዞረችው። መሀል ላይ ስታደርገው ድንበሩ እንግዳውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንድ ጎኑ ሊሞቀው፣ አንድ ጎኑ ሊበርደው ነው።

"ምን ሆነሽ ነው እህቴ?" አለ። በእጁ የነፋውን ዳሰሰ፤ ከዚያ ጠፍጣፋውን። ገበሬ ነው፤ ድንበር ያውቃል። ድንበሩ ላይ ጣቱን አሳረፈና መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሷን አየ። "ይሄ እኮ የሰው መሬት ነው። ባለቤት አለው። በዚህ በኩል አንቺ ነሽ። በዚያ በኩል ይሄ የሚራገጠው።"

"እንዴት እንደምራገጥ ማን ነገረህ?"

"ድሮ አብሬህ ተኝቻለሁ። የጎኔ አጥንት ይመሰክራል።"

ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት። ወደ እኔ ዘወር ብላ ጆሮዬን አየችው፤ ቀልቶ መሆን አለበት። "አውቀህ ነው?" አለችኝ።

"ለካሁ እንጂ ምን አደረግሁ" አልኩ። ይህ እውነት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ስዋሽ እንዲያካክስልኝ ላስቀምጠው።

ብርድ ልብሱን ሰበሰበችና ወደ እኛ ክፍል ወሰደችው። የሳጥኑ ክዳን ሲጢጥ አለ። ስትመለስ የያዘችው ነብሩን ነበር፤ የብል መድኃኒቱ ቀድሟት ገባ። ለወንድሟ ደርባ አለበሰችው። እሱም ነብሩን እስከ አገጩ ስቦ "ይሄስ የማን ነው?" አለ።

"ያንተ" አለች። "ሁልጊዜም ያንተ ነበር።"

ሊሄድ ሲነሳ ነብሩን አስይዛ ላከችው። አንገር ጉቲን፣ ሰው በአንሶላ እንኳ በሚያልበው አገር፣ ነብር ምን እንደሚያደርግለት ጠየቅሁት። "እንግዳ ሲመጣ አለብሰዋለሁ" አለኝ፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

እኔም ይኸው በአዲሱ ብርድ ልብስ ሥር እተኛለሁ። ምኞቴ ደርሷል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጠበብ ያለው ትልም፣ እንደነገርኳችሁ፣ ጥጡን ጠፍጠፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የሚሞቀው የእሷ ወገን ነው፤ በእኔ ወገን ከግራጫው ብዙም የተሻለ አይደለም። ራሴ ለክቼ፣ ራሴ አሰምሬ፣ ራሴ ሰፍቼ። ቅሬታ ሳሰማ "ልብስ ሰፊው ማነው?" ትለኛለች። አሁን አሁን ድንበሩን ቀስ እያልኩ እገፋለሁ። እሷም አውቃ ዝም ትላለች። ጉልበቷ በጥጡ ውስጥ እንደ ዳቦ ይሞቃል።

ትናንት ጆንያውን እንደገና አውጥታ ካኪውን ከሰማያዊው ስትለይ አገኘኋት። ሳጥን ባዶ አያድርም፤ እንግዳ ይመጣል። "ለዚህኛው ያንን የሳህኑን ክብ ታደርግልኛለህ" አለች፣ ቀና ሳትል። ሳህኑን ከመደርደሪያው ሳወርድ እጄ ሲጣደፍ ተሰማኝ።